ኪልፔክ፦ እማዬን ያስደነገጠችው የድንጋይ ሴት

ብርሚንግሃሜው | እሑድ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍራል። ግን ከእናንተ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት። የከተማው ሱቅ ሰልችቷታል። ዛሬ እስቲ ገጠር ላሳይሽ ብዬ ወደ ሄሬፎርድሸር ይዣት ወጣሁ፤ ዌልስ ጠረፍ አካባቢ ነው። ኪልፔክ የምትባል መንደር አለች። ጥቂት ቤቶች፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ብዙ በግ። ከመንደሯ ጫፍ ቀላ ባለ ድንጋይ የተሠራች ትንሽዬ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። የቅድስት ማርያምና የቅዱስ ዳዊት ናት።

እማዬ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አጣፍታ ደጁን ተሳለመች። የደቡቡ በር ዙሪያው በሙሉ ተቀርጿል። ሐረግ፣ ወፍ፣ እባብ፣ ከአፉ ቅጠል የሚያወጣ ፊት፣ ሐረግ ውስጥ የተጠላለፉ ሁለት ተዋጊዎች። «የኛን የብራና ሐረግ አይመስልም?» አለችኝ። ደስ አላት።

ከዚያ ዙሪያውን ልዙር አለች። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ትንንሽ የድንጋይ ምስሎች ተደርድረዋል። ውሻ አለ፣ ጥንቸል አለ፣ መሰንቆ የመሰለ ነገር የያዘ ሰውዬ አለ። እየሣቀች ትቆጥራለች። ድንገት ቀጥ አለች። «በስመ ሥላሴ!» ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች። ቀና ስል ራሷ መላጣ፣ ዓይኗ ጎልጉሎ የወጣ ሴት በሁለት እጇ ሀፍረቷን ከፍታ ቁልቁል ታየናለች። ቤተ ክርስቲያን ላይ!

እስከ ቤት ድረስ መኪና ውስጥ አላናገረችኝም። እኔ የቀረጽኳት ነው የመሰለኝ።

ማን ሠራት? ለምን? ደግሞስ 900 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ድንጋይ እንዴት ትናንት የተጠረበ ይመስላል?

ፉገረኛ | እሑድ፣ ማታ 3፡22

እናትህን ወስደህ ወስደህ እዚያ! ለንደን ሰዓቱን አታሳያትም ነበር?

ድንጋይ_ጠራቢ | እሑድ፣ ማታ 4፡05

ብርሚንግሃሜው፣ በሣቅ ገደልከኝ። እማማን ይቅርታ ጠይቅልን።

ሙያዬ የሕንፃ ጥገና ነው። ኪልፔክን ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ። ሴትየዋ ትቆየንና ከቤቷ እንጀምር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን የያዙት በ1066 ነው። በ1086 ንጉሡ የአገሩን መሬት ሲያስመዘግብ ኪልፔክ «የኖርማን ልጅ ዊልያም» የሚባል ሰው ጉልት ሆና ተጽፋለች። ቦታው ጠረፍ ነው፤ ጦር አያጣውም። ከቤተ ክርስቲያኗ በስተምዕራብ ሣር የለበሰ ጉብታ አላያችሁም? ያ ተራራ አይደለም። ሰው የቆለለው አፈር ነው፤ የምሽጉ መቀመጫ። አናቱ ላይ የግንብ ስባሪ አሁንም ቆሟል።

የዊልያም ልጅ ሂው በ1134 ቤተ ክርስቲያኗን ለግሎስተር ገዳም ሰጠ። አሁን ያለችው ሕንፃ የተሠራችው ወደ 1140 ገደማ ነው ይባላል። ንጉሥ ላሊበላ ገና ዙፋን አልወጣም።

ጠራቢዎቹ ስማቸው አልቀረም። እጃቸው ግን ይታወቃል። በዚያው በሄሬፎርድሸር ሾብደን፣ ብሪንሶፕ፣ ኤርድስሊ፣ ካስል ፍሮም ላይ ያንኑ የልብስ እጥፋት፣ ያንኑ ጎልጓላ ዓይን ታገኛለህ። አንድ ወርክሾፕ ናቸው፤ ባለሙያዎቹ የሄሬፎርድሸር ትምህርት ቤት ይሏቸዋል፤ ተማሪ ቤት ሳይሆን አንድ የአሠራር ስልት ማለታቸው ነው። በምዕራቡ ግድግዳ አፋቸውን ከፍተው የወጡት ዘንዶዎች ከስካንዲኔቪያ የእንጨት ሥራ ጋር ይዛመዳሉ። ከውስጥ ያሉት ሐዋርያት ደግሞ ስፔን፣ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ካለው በር ጋር ይነጻጸራሉ። እንዴት ደረሰ? የሾብደንን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ኦሊቨር ደ ሜርሊሞንድ ሳንቲያጎ ድረስ ተሳልሞ እንደተመለሰ ተጽፏል። ሳላሚ ሲመለስ ያየውን ያወራል። ጠራቢም አብሮ ሄዶ ከሆነ ያየውን ይሠራል።

እማማ የቆጠሯቸው ኮርብል ይባላሉ። ከግድግዳው ወጣ ብለው የጣሪያውን ጠርዝ የሚሸከሙ ድንጋዮች ናቸው። ሥራቸው ሸክም ነው። የሚታየው ጫፋቸው ግን ለጠራቢው እንደ ባዶ ገጽ ነው። በመጀመሪያ 91 ነበሩ፤ ዛሬ 85 ቀርተዋል።

የመንዝ_ልጅ | እሑድ፣ ማታ 4፡31

ሴትየዋን ዘለልካት። ያቺ የድሮ የአረማውያን አምላክ ናት፤ የመራባት ጣዖት። ክርስትና ሲመጣ ሕዝቡ አልተው ስላለ ድንጋይዋን አምጥተው ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ለጠፏት። የታወቀ ነገር ነው።

ድንጋይ_ጠራቢ | እሑድ፣ ማታ 4፡50

የታወቀ ሳይሆን የተወራ ነው፣ ወንድሜ።

ሺላ ና ጊግ ይሏታል። እንዲህ ያሉት በአየርላንድ ብዙ አሉ፣ በእንግሊዝም አሉ። የኪልፔኳ ግን ከሌላ ቦታ መጥታ የተለጠፈች አይደለችም። ከጎኗ ካሉት ጋር አንድ ድንጋይ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ጊዜ ናት። ሐዋርያቱን የጠረበው ቡድን ነው እሷንም የጠረበው። ይሄን ልብ በል።

ደግሞ በምዕራብ ፈረንሳይና በሰሜን ስፔን፣ የሳንቲያጎ መንገደኛ በሚያልፍባቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ ኮርብሉ ላይ ዕርቃናቸውን የሚያሳዩ ወንድም ሴትም ሞልተዋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ነገር ነበር። ገሚሱ ባለሙያ «ዝሙትን የሚያስጠላ ስብከት ነው» ይላል። መላጣ ራስ፣ አስፈሪ ዓይን፤ ማን ይመኛታል? ገሚሱ «ክፉ ዓይን ትመልሳለች» ይላል። ለወላድ ሴት ትረዳለች ተብላ የምትታይበት ቦታም አለ። ጠራቢው ማስታወሻ አልተወልንም። እኔ ወደ ስብከቱ አደላለሁ። ግን የኪልፔክን ውሻና ጥንቸል የቀረጸ ሰው ፉገራም የሚያውቅ ይመስለኛል።

ፉገረኛ | እሑድ፣ ማታ 4፡58

ውሻውና ጥንቸሏ ጎን ለጎን ተቀምጠው የካርቱን ፊልም ነው የሚመስሉት! ፎቶውን አሁን አየሁት። ጆሮዋ ሲንጠለጠል! ይሄ 1140 ነው? ማሉልኝ።

ወለተ_ጽዮን | ሰኞ፣ ጠዋት 1፡40

እንደምን አደራችሁ። ወንድሜ ብርሚንግሃሜው፣ እናትህ ወደ ውስጥ አልገቡም? ከገባችሁ ሦስት ክፍል አይታችኋል። ስገባ ያስገረመኝ እሱ ነው። ሕዝቡ የሚቆምበት ትልቁ ክፍል አለ። በቅስት አልፈህ የካህናቱ ክፍል። ከዚያ በሌላ ቅስት መጨረሻው ግማሽ ክብ የሆነው፣ መንበሩ ያለበት። ፊቱ ወደ ምሥራቅ። ቅኔ ማህሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብዬ ሳልጨርስ ገባኝ። ሥርዓቱ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ግን እግሬ የት መቆም እንዳለበት ያወቀ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ቅስት ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ቅዱሳን አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ቆመዋል። ጴጥሮስን በመክፈቻው ለየሁት።

ቅዱስ ዳዊት የተባለው ደግሞ መዝሙረኛው እንዳይመስላችሁ። የዌልስ ጳጳስ ነው፤ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ጻድቅ። እኔ ዳዊት መድገም ልጀምር ነበር፤ አንዲት አሮጊት ናት ያረመችኝ።

አንድ_ለናቱ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ገብቼ የማየው ነጭ ግድግዳ፣ የእንጨት ወንበር፣ የሞተ ሰው ስም የተጻፈበት እብነ በረድ ነው። ሥዕል የለ፣ መጋረጃ የለ። የኛ ሰው እንዲህ ባዶ ቤት ቢያይ «ገና አላለቀም እንዴ» ነው የሚለው። ድሮም እንዲህ ነበሩ?

ድንጋይ_ጠራቢ | ሰኞ፣ ቀን 6፡30 (ምሳ ሰዓት ነው)

ኧረ በጭራሽ! ቀለም በቀለም ነበሩ። ድንጋዩም ሳይቀር ይቀባ ነበር።

በ1300 ወይም በ1400 አንዱ መንደር ገብተህ ቢሆን ኖሮ፣ ከበሩ ትይዩ ሕፃኑን ክርስቶስን ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገር ግዙፍ ቅዱስ ክሪስቶፈር ታያለህ። እሱን ያየ ሰው በዚያን ቀን ድንገተኛ ሞት አይሞትም ይባል ነበር። ገበሬው ወደ እርሻ ሲሄድ በበሩ ብቅ ብሎ አይቶት ይሄዳል። ወደ መንበሩ በሚያሳልፈው ቅስት አናት ላይ ደግሞ የፍርድ ቀን ይሣላል። ጻድቃን በአንድ ወገን፣ ኃጥአን በገሃነም አፍ። ቅስቱ ሥር የእንጨት ግርዶሽ፤ ግርዶሹ ላይ ስቅለቱ።

ይሄ ሁሉ የጠፋው በፕሮቴስታንት ተሐድሶው ነው። ሄንሪ ስምንተኛ በ1530ዎቹ ከሮም ተለየ፤ ገዳማቱን ዘጋ። የባሰው ግን ልጁ ኤድዋርድ በ1547 ከነገሠ በኋላ ነው። ሥዕል ይጥፋ ተባለ። ሥዕሉ በኖራ ተቀባ፣ ምስሉ ተሰበረ፣ መስተዋቱ ተሰባበረ። መቶ ዓመት ቆይቶ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሁለተኛ ዙር መጣ። በ1644 ዊልያም ዳውሲንግ የሚባል ሰው ሳፎክን መንደር በመንደር እየዞረ የሰበረውን ሁሉ በማስታወሻ ይመዘግብ ነበር። የማስታወሻው ግልባጭ ዛሬም አለ። ይሄን ያህል የኮራ አፍራሽ አላውቅም።

የሚገርመው ኖራው ሥዕሉን አጠፋውም፣ አዳነውም። ሱሪ ውስጥ ቻልደን የምትባል መንደር፣ ከኖራው ሥር 1200 አካባቢ የተሣለ መሰላል ተገኝቷል። ነፍሳት ይወጡበታል፣ ይወድቁበታል፣ ሰይጣናት በመንሽ ይገፏቸዋል። ዮርክሸር ውስጥ ፒከሪንግ ደግሞ በ1852 የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በሙሉ በሥዕል ተሞልቶ ተገኘ። ቄሱ አልወደዱትም። መልሰው በኖራ አስቀቡት! እንደገና የተገለጠው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እዚያ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ አለ፤ በበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ክሪስቶፈር።

አንድ_ለናቱ | ሰኞ፣ ቀን 7፡02

ቄሱ መልሰው በኖራ! አይ ሰው።

የመንዝ_ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 1፡20

እሺ የጣዖቷን ነገር ተውኩት። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በሰሜን በኩል የተደፈነ በር አለው። የሰይጣን በር ይባላል። ሕፃን ሲጠመቅ ሰይጣኑ እንዲወጣ ይከፈት ነበር። ይሄንንም ውሸት ልትለኝ ነው?

ድንጋይ_ጠራቢ | ሰኞ፣ ማታ 1፡45

ሣቅኩ። ይባላል፣ እውነት ነው። ታሪኩ ግን ከበሩ በጣም ያንሳል፤ በኋላ የመጣ ወሬ ነው። በመካከለኛው ዘመን ሰሜን በር የዑደት በር ነበር። ሆሳዕና ላይ ሕዝቡ በአንዱ ወጥቶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ በሌላው ይገባል። ተሐድሶው ዑደቱን ሲከለክል በሩ ሥራ ፈታ። እንግሊዝ አገር በሰሜን በኩል ክፍት ቀዳዳ ካለህ ደግሞ ምን እንደሚገባ ታውቃለህ። ሰይጣን አይደለም፤ ብርድ ነው።

ወለተ_ጽዮን | ሰኞ፣ ማታ 2፡10

የብርዱን ነገር ለእኔ ተዉት! የእኛ አጥቢያ የሚቀድሰው በተከራየነው የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስሙ ይቆይ። ማሞቂያው የሚሠራው ለእነሱ ሰዓት ነው። እኛ ሌሊት ስንገባ ድንጋዩ በረዶ ነው። ጫማ አውልቀህ እዚያ ወለል ላይ ቁም እስቲ። ሁለት ካልሲ ደርቤም እግሬ አይታወቀኝም። ግን ምሥራቁ ምሥራቅ ስለሆነ ቅስቱ ላይ መጋረጃ ስንዘረጋ ቤቱ ወዲያው የእኛ ይሆናል። ወንበሮቹ ብቻ ናቸው ያስቸገሩት። ለስግደት ቦታ የለም፤ መዘምራኑም በጠባቧ መተላለፊያ ነው የሚያሸበሽቡት።

ወንበሩ ግን ከመቼ ጀምሮ ነው?

ድንጋይ_ጠራቢ | ሰኞ፣ ማታ 2፡36

እህታችን፣ ኪልፔክ ስትሠራ ወንበር አልነበረም። ሕዝቡ ይቆማል፣ ይንበረከካል። አቅም የሌለው ግድግዳውን ይደገፋል፤ በብዙ ቤቶች ግድግዳው ሥር የድንጋይ መደብ አለ። የእንጨቱ ወንበር የተስፋፋው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከተሐድሶው በኋላ ደግሞ ስብከቱ ስለረዘመ ሁሉም ተቀመጠ። በኋላ ጌቶቹ በር ያለው ሣጥን የመሰለ የራሳቸውን መቀመጫ አሠሩ። ዛሬ የምታይው ረድፍ ረድፍ ወንበር በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ብርሚንግሃሜው | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

ጥያቄዬ እዚህ ሁሉ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ለእማዬ ሁሉንም አነበብኩላት። የዝሙት ስብከት ነው የሚለውን ስትሰማ «ታዲያ እንደዚያ አይባልም?» አለች። መነጋገር ጀምረናል።

ግን ሁለተኛው ጥያቄዬ አልተመለሰም። ድንጋዩ እንዴት እንዲህ አዲስ ሆነ? አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እሱማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ኮፒ ነው» አለኝ።

ድንጋይ_ጠራቢ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ባልደረባህ ተሳስቷል፤ ለምን እንዳለ ግን ይገባኛል። በ1840ዎቹ ኮቲንግሃም የሚባል አርክቴክት ጠግኗታል። ያን ጊዜ ጥገና ሲባል ብዙው ማፍረስ ነበር። «ወደ መጀመሪያው እንመልሳት» እያሉ የአምስት መቶ ዓመት ታሪክ ፍቀው ያወጡ ነበር። ዊልያም ሞሪስ በ1877 ጥንታዊ ሕንፃዎችን ከጠጋኞቻቸው የሚጠብቅ ማኅበር ያቋቋመው በዚህ ተናዶ ነው። ኪልፔክ ግን ዕድለኛ ናት። ጆርጅ ሮበርት ሉዊስ የሚባል ሠዓሊ ከጥገናው በፊት ቅርጾቿን አንድ በአንድ ስሎ በ1842 አሳትሟል። ሥዕሉን ይዘህ ግድግዳው ሥር መቆም ትችላለህ። ያው ነው።

ድንጋዩ የአካባቢው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጥሩውን መርጠዋል። ግን ድንጋይ ብቻውን አያድንም። የሾብደንን ልንገራችሁ። የዚያው ወርክሾፕ ሥራ ናት፣ ምናልባትም የበለጠች። በ1750ዎቹ ባለመሬቱ ቤተ ክርስቲያኑን አፍርሶ አዲስ ሠራ። የተቀረጹትን ቅስቶች ግን ወደደና ኮረብታው ላይ ለጌጥ አቆማቸው። ጣሪያ የላቸው፣ ከለላ የላቸው። ዛሬ ሄደህ ብታይ ያለቀ ሳሙና ነው የሚመስሉት። ፊቱን ከእግሩ መለየት አይቻልም።

ሌላው ምክንያት ገንዘብ ማጣት ነው። ይሄን የምለው ቀልዴን አይደለም። የእንግሊዝን መንደር ቤተ ክርስቲያን ዕድሜ ለማወቅ መስኮቱን እዩ። አናቱ ክብ፣ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ኖርማን ነው፤ እስከ 1190 ገደማ። ጠባብ ረጅም ሆኖ አናቱ ከሾለ የ13ኛው ክፍለ ዘመን። አናቱ ውስጥ ድንጋዩ እንደ ዳንቴል ከተጠላለፈ ከ1348ቱ ታላቅ ወረርሽኝ በፊት። ከወረርሽኙ በኋላ መስኮቱ ግድግዳውን በሙሉ ይይዛል፤ የድንጋዩ መስመርም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል። ብርሃን በብርሃን ነው። ያን ያሠራው ሱፍ ነው። ግሎስተርሸር ውስጥ ፌርፈርድ ጆን ቴም የሚባል የሱፍ ነጋዴ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ ሠራው። 28ቱ መስኮቶች ከነባለ ቀለም መስተዋታቸው ዛሬም አሉ። ውብ ነው። ግን የነበረው አሮጌ ቤት የት ሄደ? አብዛኛው ፈረሰ።

ኪልፔክ ቴም አልነበራትም። ምሽጉ ፈረሰ። አጠገቧ የነበረው ትንሽ ገዳም በ1428 ተዘጋ። መንደሩም ሳሳ፤ ዙሪያውን ሜዳው ላይ የድሮ ቤቶች መሠረት ሣር ለብሶ ይታያል። ጥቂት ነገር ከመነካካቱ በቀር አፍርሶ የሚያሳድጋት ባለጸጋ አልመጣም።

አንድ_ለናቱ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

እና ዛሬ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይከፍላል? መንግሥት?

ድንጋይ_ጠራቢ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡02

በዋናነት ምእመኑ ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወደ 16,000 ሕንፃ አላት፤ ብዙዎቹ እሑድ እሑድ ሃያ ሰው የማይሞሉ ናቸው። ዕርዳታ ይጠየቃል፣ ኬክ ይሸጣል፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የእርሳስ ብረት ሌባ ይወስደዋል፣ እንደገና ኬክ ይሸጣል።

የድሮው ሥርዓት ግን ይገርማል። ሕዝቡ የሚቆምበትን ክፍል ሕዝቡ ይጠግናል፤ የመንበሩን ክፍል አሥራቱን የሚበላው ቄስ ወይም ገዳም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ሁለቱ ክፍሎች ዕድሜያቸውም አሠራራቸውም አይገጥምም። አንዱ ወገን ገንዘብ ነበረው፣ ሌላው አልነበረውም። ገዳማቱ ሲዘጉ መሬታቸውን የገዛው ሰው ግዴታውንም አብሮ ገዛ። ግዴታው አልሞተም! ዎሪክሸር ውስጥ አስተን ካንትሎው የምትባል መንደር፣ የእርሻ መሬት የወረሱ ባልና ሚስት የመንበሩን ክፍል ጠግኑ ተባሉ። ተሟገቱ። በ2003 ያኔ የበላይ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ፈረደባቸው። ከ100,000 ፓውንድ በላይ።

ፉገረኛ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡09

እኔ ቤት ልገዛ እያሰብኩ ነበር። ተውኩት።

ወለተ_ጽዮን | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

ብርሚንግሃሜው፣ እናትህን ማስታረቅ ከፈለግህ ወደ ብሪንሶፕ ውሰዳቸው። የእነዚያው ጠራቢዎች እጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ በድንጋይ ቀርጸውታል። ድሮ ከበር በላይ ነበር ይላሉ፤ አሁን ግን ከውስጥ ግድግዳው ላይ ነው። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም።

ብርሚንግሃሜው | እሑድ፣ ማታ 2፡45

ሄድን። አመሰግናለሁ እህቴ።

እማዬ ገና ስታየው እልል ልትል ነበር፤ እኔ ነኝ የያዝኳት። ተንበረከከች፣ ተሳለመች። ከዚያ ቀረብ ብላ መመርመር ጀመረች። ካባው በነፋስ ተነሥቷል፣ ጦሩ አለ፣ ፈረሱ አለ። ዘንዶውን ግን ናቀችው። «ይሄ ትል ነው» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ብሩታዊትስ የታለች?» አለችኝ። ዛፍ ላይ ያለችውን ልጅ ፈልጋ ነው። እሷን አልቀረጿትም። ጥግ ጥጉን ሁሉ አየች። «ረስተዋት ነው» ብላ ደመደመች።

መኪና ውስጥ ስንገባ ቀበቶዋን እያሰረች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ያቺኛዋ ከዚህ ሩቅ ናት?» አለች።

«የቷ?»

«ያቺ ናታ። 40 ላይ ነው ያቆምኩት። 85 ናቸው አላላችሁም?»

ደርሰን 58 ላይ ስትደርስ ዝናብ መጣ። ቅዳሜ እንመለሳለን። ጫማዋ በስብሷል፤ ቦት ጫማ ልግዛላት ወይስ ሳሩ እስከ ቅዳሜ ይደርቃል?

ድንጋይ_ጠራቢ | እሑድ፣ ማታ 2፡51

ግዛላቸው። ሄሬፎርድሸር ነው፤ አይደርቅም።